የአክስቴ ኮራ ፖፖ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓንን ለመደብደብ በቲኒያን ደሴት በሰፈሩት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች ዘንድ ከጄኔራሎቹ ትእዛዝ በላይ የሚከበር አንድ ሕግ ነበር፦ በበረራ ላይ ፖፖውን መጀመሪያ የተጠቀመ ሰው፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ፖፖውን ተሸክሞ ያጸዳል። ሕጉን ያመጡት መሬት የሚቀሩት መካኒኮች ናቸው። «ሞተር እንቀይራለን፣ ቀዳዳ እንደፍናለን፣ ደም እናጥባለን፤ የእናንተን ጉድ ግን አንሸከምም» አሉ። ማንም ሰው በእነሱ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ይላል። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ጃፓን ደርሶ ፀሐይ ስትጠልቅ በሚመለስ አውሮፕላን ውስጥ አሥራ አንድ ጎልማሶች ቀበቷቸውን አጥብቀው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ሌላው ቀድሞ እስኪሸነፍ ይጠባበቃሉ። ለሽንቱ ወደ ውጭ የሚያፈስ ቱቦ ስላለ ችግር የለም። ጭንቁ ሌላው ነው።

በሌሎቹ አውሮፕላኖች አንዱ ይሸነፋል፣ ይስቁበታል፣ ያጥባል፣ ነገሩ በዚያው ይረሳል። «አክስቴ ኮራ» በተባለው አውሮፕላን ላይ ግን ነገሩ ወደ ሃይማኖት ተለወጠ። የዚህ አውሮፕላን ሰዎች ደሴቲቱን ከረገጡ ጀምሮ ፖፖውን የነካ አልነበረም፤ አውሮፕላኑንም መድፍ ነክቶት አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ ኒውኮም የሚባለው የራዳር ሠራተኛ አልቻለም። በዚያው ቀን የመድፍ ፍንጣሪ የጭራውን ጫፍ ቦጨቀው። ካፒቴኑ በማግስቱ ኒውኮምን ወደ ሌላ አውሮፕላን አዛወረው፤ ያም አውሮፕላን ከነኒውኮም ባሕር ላይ ቀረ። ከዚህ በኋላ ማን ይከራከር? ያልተነካ ፖፖ ይጠብቃል፣ የተነካ ፖፖ ይገድላል፣ አለቀ።

ካፒቴን ሃርለን ስትራውድ ጅል እንዳይመስላችሁ። ከጦርነቱ በፊት ኔብራስካ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አውሮፕላኑንም የሰየመው ባሳደገችው አክስቱ ስም ነው። ዕድል ያመጣል ብለው የጥንቸል እግር ኪሳቸው ከተው በሚበሩ አብራሪዎች ይስቃል። «ዕድል የሚባል ነገር የለም» ይላል ረጋ ብሎ። «ፖፖው ግን ዕድል አይደለም። ፖፖው በሙከራ የተረጋገጠ ነው።»

በኒውኮም ቦታ የተተካው ኤመት ለንዲ ነው። የራዳሩ ክፍል ከአውሮፕላኑ ኋላ፣ መስኮት የሌለው፣ እንደ ቁም ሣጥን የጠበበ ቦታ ነው፤ ፖፖውም እዚያው ከመቀመጫው አጠገብ በብረት መቆሚያ ተተክሏል። ኤመት በራዳሩ ባሕሩን ሲያይ ጉልበቱ ፖፖውን ይነካል። ስለዚህ ጠባቂ ተደረገ። ከፊት ያሉት ሰዎች ወደ ኋላ ለመምጣት ቦምቦቹ ከተሰቀሉበት በላይ በሚያልፍ ረጅም ቱቦ በደረታቸው መሳብ አለባቸው፤ ከቱቦው ብቅ ያለውን ራስ ሁሉ ኤመትና ተኳሾቹ በር ላይ እንደያዙት ሌባ ያዩታል።

ኤመት ይህን ሥራ ይወደው ነበር። እውነቱን ለመናገር የሚወደው ሥራውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታበት፣ ሚዙሪ ውስጥ፣ ከተራራ ሥር፣ ከአንድ ዝምተኛ አባት ጋር ነው ያደገው፤ አባቱ ከበቅሎው ጋር እንጂ ከልጁ ጋር ብዙ አያወራም። እዚህ ግን ለምሳ ትንሽ ከዘገየ አሥር ሰው «ልጃችን የት ገባ?» ይላል። የቀኝ መስኮቱ ተኳሽ ክሊተስ ፓይክ ጠዋት ማታ ይሰድበዋል፤ ከቤቱ የተላከለትን ብስኩት ሲያካፍል ግን የመጀመሪያውን ለእሱ ይሰጠዋል። ኤመት በሕይወቱ የፈለገው አንድ ነገር ቢኖር፣ የተመደበላቸውን በረራ ጨርሶ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አገሩ መግባት ነው።

በዚያ የሰኔ ጠዋት ታዲያ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነቃ። ትናንት የበሉት የቆርቆሮ ሥጋ ይሁን ከዱቄት የተበጠበጠው እንቁላል አይታወቅም፤ አንጀቱ ውስጥ ሠርግ ያለ ይመስል ነበር። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ሐኪሙ ያስቀረዋል። ቢቀር በወንበሩ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ያ ሰው ፖፖውን ሳይነካ በደህና ከተመለሰ ደግሞ ካፒቴኑ «በሙከራ ተረጋግጧል» ይላል፤ ወንበሩም የዚያ ሰው ሆኖ ይቀራል። ኤመት ይህን አስቦ ቀበቶውን አጠበቀና ወደ አውሮፕላኑ በሚወስዳቸው መኪና ላይ ወጣ።

«ምነው ፊትህ እንደ ሻማ ሆነ?» አለው ክሊተስ።

«እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ውሸታም። ሆድህ ሲያወራ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ምን እያለ ነው?»

«ሰላም እያለህ ነው።»

«ሰላምታውን ለፖፖው እንዳያቀርብ ብቻ ንገረው» አለ ክሊተስ። ሁሉም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ዓይናቸው አንድ በአንድ ወደ ኤመት ሆድ ሄደ።

ባሕሩ ማለቂያ የለውም። ከፊት የተቀመጡት ቢያንስ ደመናውን ያያሉ፤ ለኤመት ግን ዓለም ማለት አንድ አረንጓዴ የራዳር መስተዋትና አንድ ፖፖ ነበረች። አንጀቱ ሲነሣበት እግሩን አጣምሮ የመንደሩን ውሾች ስም በሙሉ ጠራ፤ ውሾቹ ሲያልቁበት ወደ በቅሎዎቹ ተሻገረ። ትንሽ ጋብ ይልለታል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ከዚያ እንደገና ይነሣበታል። የጎረቤቱን የሚስተር ሃገርቲን በቅሎ ስም ረስቶት ስለነበር እሱን ሲያስታውስ ብዙ መንገድ ተጓዙ።

የጃፓን ጠረፍ ሳይደርሱ ካፒቴኑ ራሱ መሪውን ለረዳቱ ሰጥቶ በቱቦው ብቅ አለ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ ከንፈሩንም ነክሷል።

«ኋላውን ልጎበኝ ብዬ ነው» አለ።

«ኋላው ደህና ነው ካፒቴን» አለ ኤመት።

ካፒቴኑ ፖፖውን አየው፤ ዓይኑን ከላዩ ሊነቅል አልቻለም። ክሊተስ ከመስኮቱ ዞሮ ካፒቴኑን ማየት ጀመረ። ሌሎቹ ተኳሾችም ዞሩ።

«ክዳኑ ገጥሟል?» አለ ካፒቴኑ።

«ገጥሟል።»

«በደንብ?»

«በደንብ ነው የገጠመው። ልክፈትና ይዩት?»

«አይ፣ አይ፣ አትክፈተው» አለ ካፒቴኑ በፍጥነት፤ በመጣበት ቱቦም እያቃሰተ ተመለሰ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፤ ሁሉም አውቀዋል፣ ሁሉም ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት ጀመሩ።

ከተማው ላይ ሲደርሱ ቀኑ ብሩህ ነበር። ከፊታቸው ያለፉት አውሮፕላኖች ለኩሰውት ስለነበር ጭሱ እነሱ ድረስ ወጥቶ አውሮፕላኑ ውስጥ ሸተተ። የሚሸተው እንጨት ብቻ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላነሣውም። የያዙትን እሳት እነሱም ጨምረውበት ዞሩ። ከታች ላለው ነገር «ያቆሸሸ ያጽዳ» የሚል ሕግ ያወጣ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሕጉ ለፖፖው ብቻ ነው። ይህን የምለው እኔ ነኝ። ኤመት አሰበው ብል እዋሻለሁ፤ ኤመት የሚያስበው ስለ ሆዱ ነበር፣ ይህም እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከከተማው ሊወጡ ሲሉ መድፉ አገኛቸው። ፍንጣሪው የአውሮፕላኑን ጀርባ ሰንጥቆ ከላይ በየሣጥናቸው የተቀመጡትን ሁለት የጎማ ጀልባዎች ቦጫጨቀ፤ የግራውን ክንፍ የነዳጅ ጋንም በሳ። ሰው አልተጎዳም።

የካፒቴኑ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው መጣ። ስለ ክንፉ አልጠየቀም፣ ስለ ሞተሩ አልጠየቀም። «ፖፖውን የነካ አለ?» አለ።

«የለም» አለ ኤመት።

«ማልልኝ።»

«በእናቴ መቃብር።»

«እንግዲያው እንደርሳለን» አለ ካፒቴኑ። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የብዙ ሰው እፎይታ ተሰማ።

የበረራ መሐንዲሱ ኦዴል ግሪየር ግን አልተነፈሰም። ነዳጁን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ መርፌው ስትወርድ ያያል። በመንገድ ላይ ኢዎ ጂማ የምትባል ማረፊያ ደሴት አለች። «እዚያም አንደርስም» አለ። «ካልቀለልን በስተቀር።»

ወደ ባሕሩ ዝቅ ብለው በሩን ከፈቱና መወርወር ጀመሩ። ጥይቱ ሄደ። መትረየሶቹ ሄዱ። የብረት ሰደርያዎቹ፣ ካሜራው፣ ፓራሹቶቹ፣ ማንም ያልበላው ምሳ ሁሉ ሄደ። ኤመት ራዳሩን በመጥረቢያ ነቅሎ ወረወረው። እያንዳንዱን ነገር ባነሣ ቁጥር አንጀቱ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ባነሣ ቁጥር አንድ የበቅሎ ስም ይጠራል።

«አሁንም ከባድ ነን» አለ ኦዴል።

«ምን ቀረ?» አለ ካፒቴኑ።

ክሊተስ ዙሪያውን አየ። «ከኋላ በመጠባበቂያነት የተያዘችው የጎማ ጀልባ አለች። ሌላው ፖፖው ነው።» ፖፖው ሽታ ለማጥፋት ከተሞላበት ውሃና ከነብረት መቆሚያው ከጀልባዋ የማይተናነስ ክብደት ነበረው።

«ከሁለቱ አንዱ ቢሄድ ይበቃኛል» አለ ኦዴል።

ተኳሾቹ ከጀልባዋ ወደ ፖፖው፣ ከፖፖው ወደ ጀልባዋ አዩ።

«ጀልባዋን ጣሏት» አለ ካፒቴኑ።

ኤመት በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ካፒቴን፣ የላይኞቹ ጀልባዎች ተበጫጭቀዋል። የቀረችን ይህቺ ብቻ ናት። ባሕር ላይ ብንወድቅስ?»

«ፖፖው እስካለ ድረስ አንወድቅም።»

«ብንወድቅስ ግን?»

«ለንዲ፣ ልጄ፣ እስቲ አስብ» አለ ካፒቴኑ። ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ትዕግሥቱ የሚገርም ነበር። «ፖፖው ካለ አንወድቅም። ካልወደቅን ጀልባ ምን ያደርግልናል? ፖፖውን ከጣልን ግን እንወድቃለን፤ ያን ጊዜ ጀልባ ያስፈልገናል። ሰው የማይወድቅበት መንገድ እያለለት የሚወድቅበትን ይመርጣል?»

«እውነቱን ነው» አለ አንዱ ከፊት።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አለ ኦዴል።

ክሊተስ የጀልባዋን ማሰሪያ መፍታት ጀምሯል። «አንተም ክሊተስ?» አለው ኤመት።

«እኔ ዋና አልችልም» አለ ክሊተስ። «ስለዚህ ባንወድቅ ይሻለኛል።»

ሰው ለወንድሞቹ ነፍሱን ሰጠ ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ከኤመት የተፈለገው ግን ነፍሱ አልነበረም፤ ነፍሱንማ ሳያቅማማ ይሰጥ ነበር። የተፈለገው በእነሱ መካከል ያለው ቦታ ነው። ኒውኮምን አሰበ። ምሳ ቤት ገብቶ «ልጃችን የት ገባ?» የሚል ሰው የሌለበት ጠረጴዛ አሰበ። ፈራ፤ በከተማው ላይ መድፍ ሲጮኽ እንኳ እንደዚያ አልፈራም። ክሊተስ ጀልባዋን እየጎተተ በሩ አፍ ላይ አድርሷታል። ኤመት ቀበቶውን ፈታ፣ ክዳኑን ከፈተና ተቀመጠ።

አንጀቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲለምነው የዋለውን አገኘ። አራት ሞተሮች እየጮኹ እንኳ ድምፁን ሊሸፍኑት አልቻሉም። ክሊተስ ከጀልባዋ ጋር እንደተቃቀፈ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ካፒቴን» አለ በመጨረሻ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጃችን ተቀምጧል።»

«የት ነው የተቀመጠው?»

«እዚያው ነዋ።»

ካፒቴኑ መሪውን ለቀቀ። ረዳቱ አብራሪ ያዘለት።

«ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል» አለ ካፒቴኑ። የሚያለቅስ ይመስል ነበር። «ፖፖውን ጣሉት። ጀልባዋን መልሷት።»

በሕጉ መሠረት ማንም አላገዘውም። ኤመት ሱሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው መጥረቢያውን አንሥቶ መቆሚያውን ነቀለ፣ ፖፖውን እስከ በሩ በእግሩ እየገፋ ወሰደ፣ ባሕር ውስጥ ጨመረው። ተኳሾቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ነዳጁ ያለቀው ኢዎ ጂማ ከመታየቷ በፊት ነው። ካፒቴኑ ምንም ቢሆን እጁ የተባረከ አብራሪ ነበር፤ አክስቴ ኮራን ባሕሩ ላይ እንደ ዳክዬ አሳረፋት። አሥራ አንዱም በሕይወት ወጡ፣ ጀልባዋን ነፉ፣ ተሳፈሩ። አውሮፕላኗ ጭራዋን አንሥታ ጥቂት ከቆየች በኋላ ሰመጠች። ጀልባዋ የተሠራችው ለግማሻቸው ያህል ስለነበር የቀሩት ውሃው ውስጥ ሆነው ገመዷን ይዘው ተንጠለጠሉ። ክሊተስ ዋና ስለማይችል መሀል ላይ አስቀመጡት።

እንግዲህ መድፉን መክሰስ አይቻልም፣ ነዳጁም የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ሁሉም ወደ ኤመት ዞሩ።

«እሱ ተቀመጠ፣ እኛ ወደቅን» አለ ካፒቴኑ ፊቱን በእጁ እየጠረገ። «ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ማን አይቷል?»

«የወደቅነው ነዳጅ አልቆ ነው» አለ ኤመት። ወደ ኦዴልም ዞረ። «ሊያልቅ እንደሆነ አንተው አልተናገርክም?»

«ተናግሬያለሁ» አለ ኦዴል። ቅንነቱን የሚጠራጠር የለም፤ ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ግን አንተ እስክትቀመጥ ድረስ አላለቀም ነበር።»

«እሺ፣ ይሁን። ጀልባዋ ባትኖር ግን አሁን ሁላችንም ሰምጠን ነበር።»

«አንተ ባትቀመጥ ጀልባ ውስጥ ምን እንሠራ ነበር?» አለው ኦዴል።

«ጀልባዋስ ደህና ጀልባ ናት» አለ ክሊተስ ቀስ ብሎ። ካፒቴኑ ሲያየው ዓይኑን ሰበረ።

ኤመት ተናደደ። ንዴቱን እንኳ ይችለው ነበር። ያልቻለው ሌላ ነገር ነው። በዚያች ሰው በሞላባት ጀልባ ውስጥ፣ ገሚሱ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ፣ ከኤመት ጎን ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ነበር። «ኑ፣ እዚህ ቦታ አለ» አላቸው። ገመዱን ይበልጥ አጥብቀው ያዙ እንጂ የመጣ አልነበረም። በዚያ ቦታ ላይ እግሩን ዘርግቶ ለመቀመጥ አፈረ፤ ራሱን አጥፎ ተቀመጠ።

በማግስቱ የባሕር ኃይሉ በውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን አገኛቸው። አብራሪው ሲያወጣቸው «ጀልባ ይዛችሁ በመውጣታችሁ ጎበዞች ናችሁ፤ ይህን ያሰበ ማነው?» ሲል ጠየቀ። ሁሉም ባሕሩን አዩ።

ካፒቴኑና ሰዎቹ አዲስ አውሮፕላን ተሰጣቸው፤ «አክስቴ ኮራ» ብለው መልሰው ሰየሙት። ውስጡ አዲስ ፖፖ፣ ከፖፖው አጠገብም አዲስ የራዳር ሠራተኛ ነበር። ኤመት ወደ ሌሎች ሰዎች ተላከ። ደጎች ነበሩ፤ ፖፖውን ያሻው ይጠቀማል፣ ያሻውም እየተሳደበ ያጥባል፤ አንድም ቀን ክፉ ነገር አልደረሰባቸውም። አክስቴ ኮራም አንድም ቀን ክፉ ነገር አልደረሰባትም። እኔ ብሆን አንዲት ቀዳዳ እንኳ ተመኝቼላቸው ነበር፤ እውነት ብዙ ጊዜ ምስክር የላትም። ኤመት ግን አክስቴ ኮራ በምትመለስበት ሰዓት ሁሉ ማረፊያው ዳር ይቆም ነበር። ጎማዋ መሬት እስኪነካ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ እነሱ ሳያዩት ወደ ድንኳኑ ይሄዳል።

እነ ካፒቴን ስትራውድ የተመደበላቸውን በረራ ሲጨርሱ ወደ አገራቸው የሚወስዳቸው መርከብ መጣ። ካፒቴኑ በዚያ ቀን ሻንጣውን ይዞ እስከ ኤመት ድንኳን መጣ። ኤመት ብድግ አለ። ለሳምንታት ያሰናዳው ንግግር ነበረው፤ ጀልባዋን፣ ነዳጁን፣ በክንፉ ላይ ያለውን ቀዳዳ፣ ሁሉንም በየተራው አደራጅቶ ይዞታል።

ካፒቴኑ እጁን ዘረጋለት። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። «ብዙ አሰብኩበት። ክፉ ልጅ አይደለህም። ሆድህ ነው።»

ኤመት አፉን ከፈተ። «እግዜር ይስጥልኝ ካፒቴን» የሚል ወጣው፤ ያውም ከልቡ። ደረቱ ላይ ከብዶት የሰነበተው ነገር ሲወርድለት ተሰማው፣ በመውረዱም አፈረ።

«ክሊተስስ?» አለ።

«ክሊተስ ያኔውኑ ይቅር ብሎሃል። ለመናገር ፈርቶ ነው።»

«ኦዴልስ?»

ካፒቴኑ ሻንጣውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ኦዴል ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አለ።

ኤመት ራሱን ነቀነቀ። «አይፈረድበትም» አለ። «እጠብቀዋለሁ።»